ቀን የማይግል፣ ሌሊት የማይበርድ ቤት

(በሬዲዮ የተሰጠ የጎልማሶች ትምህርት ንግግር)

ደብተርና እርሳሳችሁን አቅርቡ። ይህ ንግግር በጽሑፍም ስለሚደርሳችሁ፣ ዛሬ ያመለጣችሁን ኋላ ቀስ ብላችሁ ታነቡታላችሁ።

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ቤት ነው። «ስለ ቤት ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልጋል? ቤት ውስጥ ተወልደን፣ ቤት ውስጥ ያደግን ሰዎች ነን» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በመጋቢት ወር፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ? ራስ ያዞራል። ሕፃኑ ያለቅሳል። የበሰለው ወጥ ቶሎ ይበላሻል። በታኅሣሥ ደግሞ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ እዚያው ቤት ውስጥ ተኝታችሁ ታውቃላችሁ? ብርዱ ብርድ ልብሱን አልፎ አጥንት ይገባል። ቤቱ ያው አንድ ቤት ነው። ቀን ምጣድ ይሆናል፤ ሌሊት በረዶ ይሆናል። ለምን ይመስላችኋል?

ይህን ማወቅ ለምቾት ብቻ አይደለም። ሕይወትም ያድናል። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

እኔ ላፍቶ ውስጥ ቀን ልጆችን፣ ማታ ወላጆቻቸውን አስተምራለሁ። ከማታ ተማሪዎቼ አንዷ እናት በታኅሣሥ ወር ሁለት ቀን ከትምህርት ቀረች። በሦስተኛው ቀን መጣችና የደረሰባትን ነገረችን። ብርዱ ሲበዛባት ከሰል አቀጣጥላ ማንደጃውን ወደ ውስጥ አስገባች። በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል ያለውን ክፍተት በጨርቅ ጠቀጠቀች። በሩን ቆልፋ ከልጆቿ ጋር ተኛች። እኩለ ሌሊት ላይ ትንሹ ልጅ አስመለሰው። ልታነሳው ስትል ራሷ ዞረ፤ ጉልበቷም ከዳት። እየዳኸች ሄዳ በሩን ከፈተችው። ያ በር ባይከፈት ኖሮ፣ ይህን የሚነግረን ሰው አይኖርም ነበር።

የከሰል እሳት ጭሱ ባይታይም መርዝ ያወጣል። ስሙ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ሽታ የለውም። መልክ የለውም። የተኛውን ሰው እንቅልፍ እንደያዘው ይገድላል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መዛል ምልክቶቹ ናቸው። እነዚህ ከታዩ በር መክፈት፣ ሰዎቹን ወደ ውጭ ማውጣት፣ ወዲያው ወደ ሕክምና መውሰድ ያስፈልጋል።

ታዲያ ያቺ እናት ክፉ አስባ ነው? አይደለም። ልጆቿን ከብርድ ልታድን ነው። ቤቱ ሙቀት መያዝ ስላልቻለ እሷ እሳት አስገባች። ስለዚህ የዛሬው ትምህርታችን በአጭሩ ይህ ነው፦ ቤትን ቀን ከፀሐይ የሚያድነው ነገር፣ ሌሊትም ከብርድ ያድነዋል። መድኃኒቱ አንድ ነው። ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ከሰልም አይፈልግም።

ሙቀት እንዴት ይመጣል? እንዴትስ ይሄዳል?

እስቲ ወደ ማድቤት እንግባ። አንድ ስስ የብረት ድስትና አንድ የሸክላ ድስት እሳት ላይ ጣዱ። የቱ ቶሎ ይግላል? ብረቱ። ሁለቱንም አውርዷቸው። የቱ ቶሎ ይቀዘቅዛል? አሁንም ብረቱ። ሸክላው ቀስ ብሎ ይግላል፤ ቀስ ብሎም ይቀዘቅዛል። በሸክላ ድስት የቀረበ ወጥ ገበታ ላይ ሆኖም የሚንተከተከው ለዚህ እኮ ነው።

ቆርቆሮ እንደ ብረት ድስቱ ነው። ስስ ነው። ፀሐይ ስትወጣ ቶሎ ይግላል። የጋለው ቆርቆሮ ሙቀቱን ወደ ታች፣ ወደ እኛ ይልካል። የጋለ ምጣድ አጠገብ እጃችሁን ብትዘረጉ፣ ሳትነኩት ይሞቃችኋል አይደል? እንደዚያ ነው። ፀሐይ ስትገባ ደግሞ ቆርቆሮው ያንን ሙቀት ሁሉ ወደ ሰማይ ይለቀዋል። ወዲያው ይቀዘቅዛል።

ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ግን እንደ ሸክላው ነው። የቀኑን ሙቀት ቀስ ብሎ ይቀበላል። ሙቀቱ ግድግዳውን አልፎ ወደ ውስጥ እስኪደርስ ሰዓታት ያልፋሉ። ሲደርስ መሽቷል። ያን ጊዜ ደግሞ ሙቀቱን እንፈልገዋለን።

ይህ ለአዲስ አበባ በጣም ይጠቅማል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች። በከፍተኛ ቦታ አየሩ ስስ ነው። ስለዚህ ቀን ፀሐይዋ ትበረታለች፤ ሌሊት ሙቀቱ ቶሎ ይበተናል። በመጋቢት የቀኑ ሙቀት 25 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። በታኅሣሥ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ልብ በሉ፤ 25 ዲግሪ ጥላ ሥር ለተቀመጠ ሰው ደስ የሚል ሙቀት ነው። የሚያቃጥለን አየሩ አይደለም። የሚያቃጥለን ከራሳችን በላይ ያለው ጣራ ነው።

የአባቶቻችን ቤት ምን ያስተምረናል?

በክፍለ ከተማችን በነፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ «ሳር ቤት» የሚባል ሰፈር አለ። ዛሬ ብትሄዱ የምታዩት ቆርቆሮና ፎቅ ነው። ስሙ ግን የድሮውን ጣራ ያስታውሰናል። የሳር ጣራ ወፍራም ነው። በሳሩ መካከል ብዙ አየር ተይዞ ይቀመጣል። ጋቢ ለምን ይሞቃል? ድርቡ አየር ስለሚይዝ ነው። የተያዘ አየር ሙቀትን ቶሎ አያሳልፍም። የሳር ጣራም ለቤቱ እንደ ጋቢ ነበር።

ይሁን እንጂ ሳር እሳት ይፈራል። በየጊዜው መታደስ ይፈልጋል። በከተማም አይገኝም። ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዕቃ መጓጓዣው ቀለለ፤ ቆርቆሮም እየበዛ ሄደ። ቆርቆሮ ዝናብ አያስገባም። ብዙ ዓመት ያገለግላል። ንጹሕ ውሃም ያጠራቅማል። ስለዚህ «ቆርቆሮ ይጥፋ» አንልም። የጎደለው ጋቢው ነው።

ሌሎች አካባቢዎችንም እንይ። ሐረር ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እዚያ ያሉት የጥንት ቤቶች ግድግዳቸው ወፍራም ድንጋይ ነው፤ ነጭ ይቀባል። ነጭ ነጠላ ለፀሐይ እንደሚሻል ሁሉ፣ ነጭ ግድግዳም ፀሐይን ይመልሳል። አፋር ግን ሌሊቱም ሞቃት ነው። ስለዚህ አርብቶ አደሩ በሰሌን የተሸፈነ፣ ነፋስ የሚያሳልፍ ቀላል ጎጆ ይሠራል። ሲጓዝም ነቅሎ ይሄዳል። አያችሁ? ሌሊቱ ለሚበርድ አገር ወፍራም ቤት፣ ሌሊቱም ለሚሞቅ አገር ቀላል ቤት። እኛ የመጀመሪያዎቹ ነን።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። አምስት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፦ አቅጣጫ

ጠዋት ወጥታችሁ ፊታችሁን ወደ ፀሐይ መውጫ አዙሩ። ፊታችሁ ምሥራቅ ነው። ጀርባችሁ ምዕራብ ነው። ግራ እጃችሁ ሰሜን፣ ቀኝ እጃችሁ ደቡብ ነው።

አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ረጃጅሞቹን ግድግዳዎች ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ያድርጋቸው። አጫጭሮቹ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ይሁኑ። ለምን? እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከላይ ናት፤ የጣራው ጠርዝ ይከልላታል። ከቀኑ 9 እና 10 ሰዓት ላይ ግን ፀሐይ በምዕራብ ዝቅ ብላ በግድግዳውና በመስኮቱ ላይ ፊት ለፊት ትመታለች። ይቺ ናት ክፉዋ ፀሐይ። ስለዚህ በምዕራብ በኩል ሰፊ መስኮት አታውጡ። ዕቃ ቤቱንና ጓዳውን በዚያ በኩል አድርጉት።

የጠዋት ፀሐይ ግን ወዳጅ ናት። ሌሊቱን የቀዘቀዘውን ቤት ታሞቃለች። መኝታ ቤቱ በምሥራቅ በኩል ቢሆን ጥሩ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ስለዚህ በደቡብ በኩል ያለ መስኮት በብርድ ወራት ፀሐይ ያስገባል።

ክፍክፉ፣ ማለትም ከግድግዳው አልፎ የሚወጣው የጣራ ጠርዝ፣ አንድ ክንድ ከስንዝር ያህል ይውጣ። ይህም 70 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ፀሐይን ይከልላል። የጭቃውን ግድግዳም ከክረምት ዝናብ ያድናል።

ሁለተኛ፦ ግድግዳ

የጭቃ ግድግዳ ቢያንስ አንድ ስንዝር ይወፍር። ጭቃና ጭድ አብሮ ይቦካ። ለጥቂት ቀናት እየተረገጠ ይቆይ። ምርጊቱ አንድ ጊዜ ብቻ አይበቃም። የመጀመሪያው ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ እንዲደፈን ሁለተኛ ይመረግ፤ ከዚያም ይለሰን። ስንጥቅ ያለበት ግድግዳ ሌሊት ብርድ ያስገባል። ቀን ደግሞ ትኋንና አይጥ ይደበቅበታል።

የአፈሩን ነገር ተጠንቀቁ። ከላፍቶ እስከ ለቡና ጀሞ ድረስ በብዙ ቦታ መሬቱ ጥቁር መረሬ ነው። መረሬ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ለምርጊት ቀይ አፈር ይሻላል። የቤቱም መሠረት መረሬው ላይ ብቻ ከተቀመጠ ግድግዳው ይሰነጠቃል። ስለዚህ መሠረቱ መረሬውን አልፎ ይቆፈር። በጥቁር ድንጋይ ተሠርቶ ከመሬት በላይ ከፍ ይበል። ውጭውን ኖራ ብትቀቡት ፀሐይን ይመልሳል።

ቤታችሁ ብሎኬት ከሆነ ተለስኖ ነጭ ይቀባ። ግድግዳው ራሱ ቆርቆሮ ከሆነ፣ ከውስጥ በኩል ማገር መትታችሁ በጭቃ ምረጉት። ቆርቆሮው ዝናቡን ይችላል፤ ጭቃው ሙቀቱን ይችላል።

ሦስተኛ፦ ኮርኒስ

ከአምስቱ አንዱን ብቻ መሥራት የምትችሉ ከሆነ፣ ይህን ሥሩ። ኮርኒስ የቆርቆሮው ጋቢ ነው። በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል አየር ይኖራል። ቀን የቆርቆሮው ግለት በቀጥታ ራሳችንን አይመታም። ሌሊትም የቤቱ ሙቀት ወደ ቆርቆሮው ሄዶ አይጠፋም።

ኮርኒስ የግድ ውድ እንጨት መሆን የለበትም። የቀርቀሃ ንጣፍ ይሆናል። አቡጀዲ ይሆናል። ታጥቦ የተሰፋ የማዳበሪያ ከረጢትም ይሆናል። ዋናው ነገር ቀዳዳ ሳይኖረው መወጠሩ ነው። ከኮርኒሱ በላይ ያለው አየር ግን መውጫ ይፈልጋል። ስለዚህ በሁለቱ የጣራ ጫፎች ቀዳዳ ተዉ፤ አይጥና ወፍ እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ ሸፍኑት።

ይህን ያህል ጥቅም እንዳለው የሚያሳይ አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። ፍራንሲስ ኬሬ የሚባል ሰው በምዕራብ አፍሪካ፣ በቡርኪና ፋሶ፣ ጋንዶ በምትባል መንደር ተወለደ። በመንደሩ ትምህርት ቤት ስላልነበረ ከቤተሰቡ ተለይቶ ሌላ ቦታ ተማረ። ክፍሉ እንደ ምድጃ የጋለ ነበር። አድጎ የሕንፃ ሙያ ተማረና ለመንደሩ ትምህርት ቤት ሠራ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2001 ተጠናቀቀ። ግድግዳው የጭቃ ጡብ ነው። ኮርኒሱም የጭቃ ጡብ ነው። ቆርቆሮው ከኮርኒሱ በላይ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል፤ በመካከላቸው ነፋስ ያልፋል። የሠሩት የመንደሩ ሰዎች ራሳቸው ናቸው። በ2022 ይኸው ሰው ፕሪትዝከር የሚባለውን ታላቅ የዓለም የሕንፃ ሙያ ሽልማት ተቀበለ። ከአፍሪካ የመጀመሪያው ነው። ሀብቱ ምን ነበር? እኛ ደጅ ያለው ጭቃና ቆርቆሮ።

ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ጨርቅና ከረጢት እሳት ይይዛል። ኮርኒስ ባለበት ክፍል ውስጥ ምድጃ አታንድዱ። የኤሌክትሪክ ገመድ በኮርኒሱ ላይ የሚያልፍ ከሆነ ባለሙያ ይየው።

አራተኛ፦ ነፋስ

ሰፈራችን ነፋስ ስልክ የተባለው፣ ሽቦ ሳይዘረጋ በአየር መልእክት ከሚያስተላልፍ ስልክ የተነሣ ነው። እኛም ዛሬ በነፋሱ እንጠቀም።

ነፋስ መግቢያ ብቻ ካለው አይገባም። መውጫም ይፈልጋል። ስለዚህ በአንዱ ግድግዳ መስኮት ካለ፣ ትይዩ ባለው ግድግዳም መስኮት ወይም በር ይኑር። ሞቃት አየር እንደ ጭስ ወደ ላይ ይወጣል። ከኮርኒሱ ዝቅ ብሎ፣ ከግድግዳው ላይኛ ክፍል፣ የአንድ ደብተር ስፋት ያህል ቀዳዳ ይውጣ። በወንፊት ሽቦ ይሸፈን። በበጋ የአዲስ አበባ ነፋስ አብዛኛውን ጊዜ ከምሥራቅ ይመጣል። የእናንተን ግቢ ግን ራሳችሁ እዩ። ጭስ ወደየት እንደሚሄድ ተመልከቱ።

በመጋቢትና በሚያዝያ ጠዋትና ማታ መስኮቱን ከፍታችሁ ቤቱን አቀዝቅዙ። ከሰዓት በኋላ የምዕራቡን መስኮት ዝጉ። በኅዳርና በታኅሣሥ ቀን ከፍታችሁ ፀሐይ አስገቡ። ፀሐይ ሳትገባ ዝጉ። የላይኛዋን ቀዳዳ ግን በበጋም በክረምትም፣ በቀንም በሌሊትም አትድፈኗት። ቤተሰቡ የሚተነፍስባት እሷ ናት። አየር የማይዘዋወርበት ቤት የሳምባ ነቀርሳም ከአንዱ ወደ ሌላው በቀላሉ ይተላለፍበታል።

አምስተኛ፦ ጥላ

በምዕራብ በኩል ጥላ ፍጠሩ። ቦታ ያለው ዛፍ ይትከል። ባሕር ዛፍ ግን ከቤት ይራቅ፤ ሥሩ ውሃ ይመጣል፣ ቅርንጫፉም በነፋስ ይሰበራል። ቦታ የሌለው ሁለት እንጨት አቁሞ ዱባ ወይም ቅል ያንጠልጥልበት። የእጅ መታጠቢያ ውሃ ይበቃዋል። ሐረጉ ግድግዳውን ይከልላል፤ ፍሬው ይበላል።

ለተከራዮችና ለኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች

«እኔ ተከራይ ነኝ፤ ቤቱ የእኔ አይደለም» የምትሉ ብዙ ናችሁ። ግድግዳ ማፍረስ አትችሉም። ግን ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ አቡጀዲ መወጠር፣ ግድግዳ ኖራ መቀባት፣ ስንጥቅ መድፈን ትችላላችሁ። ደጅ ላይ ዱባ መትከልስ ማን ይከለክላል? በጀሞም ሆነ በጎፋ ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ፣ ትይዩ መስኮቶችን አብራችሁ ክፈቱ። በምዕራብ መስኮት ላይ ነጭ መጋረጃ ስቀሉ።

የራሳቸው ቦታ ያላቸው ደግሞ ቤት ከመጨመራቸው በፊት ወረዳቸው ሄደው ፈቃድ ይጠይቁ። ፎርሙን አሁን ራሳችሁ ማንበብ ትችላላችሁ። ሳታነቡ አትፈርሙ።

ሁሉንም በአንድ ዓመት መሥራት አይቻልም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ዘንድሮ ኮርኒስ፣ ለከርሞ ምርጊት፣ ከዚያ ጥላ። ያቺ እናት ምን እንዳደረገች ልንገራችሁ። ስድስት የማዳበሪያ ከረጢት አጥባ ሰፋች። ጎረቤቶቿ መጥተው ወጠሩላት። የጠቀጠቀችውን ጨርቅ አውጥታ፣ ስንጥቁን በጭቃ መረገች፤ የላይኛዋን ቀዳዳ ክፍት ተወች። አሁን ማንደጃው ውጭ ያድራል። እሷም አንድ ማታ አትቀርም።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. ቆርቆሮ ቤት ቀን የሚግለው፣ ሌሊት የሚቀዘቅዘው ለምንድን ነው?
2. ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ከሸክላ ድስት ጋር በምን ይመሳሰላል?
3. የእናንተ ቤት የምዕራብ ግድግዳ የትኛው ነው? ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ በእጃችሁ ዳስሱት። ከምሥራቁ ጋር አስተያዩት።
4. ቤታችሁ ውስጥ ነፋስ በየት ይገባል? በየትስ ይወጣል?
5. ከአምስቱ ሥራዎች በቅድሚያ የምትሠሩት የትኛውን ነው?

እነዚህን ቃላት ሦስት ሦስት ጊዜ ጻፉ፦ ቆርቆሮ፣ ኮርኒስ፣ ምርጊት፣ ክፍክፍ፣ ምዕራብ፣ ጥላ።

በመጨረሻም ይህችን ዓረፍተ ነገር በትልልቅ ፊደል በወረቀት ላይ ጻፏት። በበራችሁ ውስጠኛ በኩል ለጥፏት። ማታ በር ስትዘጉ ለቤተሰቡ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡላቸው፦

«ከሰል ቤት ውስጥ አናሳድርም።»

በደህና ቆዩ።